የፍራሽ ፈታኙ የጡረታ ልምምድ

የፍራሽ ፋብሪካው ፈታኝ በሕይወቱ አንድ ምኞት ብቻ ነበረው፤ ሃምሳ ሳይሞላው ጡረታ ወጥቶ ጋደም ማለት። ችግሩ፣ እንጀራውን የሚበላውም ጋደም በማለት ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከስፌት ክፍል የወጣ ፍራሽ ሁሉ መጋዘን ከመግባቱ በፊት እሱ ዘንድ ይቀርባል። እሱም ጫማውን አውልቆ በጀርባው ይተኛል፣ ወደ ግራ ይዞራል፣ ወደ ቀኝ ይገላበጣል፣ በክርኑ ይደቁሳል፣ ከዚያ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። ፍራሹ ጭጭ ካለ በጠመኔ ራይት ያደርግበታል፤ ካቃሰተ ኤክስ። ሠራተኛው «ጋሽ ጋደም» ይለዋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የላላ ሽቦ ምድር ቤት ሆኖ ይሰማል እየተባለ ይወራለታል፤ እሱም አንድም ቀን አላስተባበለም።

የጡረታን መንገድ የጀመረው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። መጀመሪያ ቁጠባ ነበር፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ። ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣና ስኳሩን ለሚቀጥለው ሻይ ያስቀምጣል፤ የሚቀጥለውንም ያለ ስኳር ይጠጣል። ከሚስቱ ጋር ሲጫወት መብራት ያጠፋል። «ድምፅሽን ለመስማት አምፖል ምን ይሠራልኛል?» ይላታል። አዲስ ሙሽራ ሳለች ፍቅር መስሏት ነበር።

ቁጠባው ሥር ሲይዝ ስብከት ተከተለ። የምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ወንበር ስቦ ይጀምራል።

«ሰው ሦስት ዓይነት ነው። በቃሬዛ ካልሆነ ከሥራ የማይወጣ አለ። ውጣ ሲሉት የሚወጣ አለ። የገባው ደግሞ ሳይሉት ይወጣል።»

«አራተኛውን ረሳኸው» አለችው አንድ ቀን የስፌት ክፍል ኃላፊዋ፤ ማሽኗ ከቆመ ልቧም የሚቆም የሚመስላት ሴት ናት። «ጭራሽ ያልገባውስ?»

ያልገባው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የጋሽ ጋደም ሚስት ወንድም ነው። ሥራ ለጤናዬ አይስማማኝም ብሎ እህቱ ሶፋ ላይ ከከተመ ወዲህ ሶፋው የሱን ቅርጽ ስለያዘ ሰውየው «ትራስ» ተብሎ ቀረ።

«እሱን ተይውና» አለ ጋሽ ጋደም።

«እሺ ተውኩት። አንተ ግን ጡረታ ወጥተህ ምን ልትሠራ ነው?»

«ጋደም እላለሁ።»

«አሁንስ ምን እያደረግህ ነው?»

ክበቡ በሳቅ ተናጋ። የአንዱ ጫኝ ሻይ በአፍንጫው ወጣ። ጋሽ ጋደም ግን አልሳቀም። ያቺ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሾለከ ሽቦ ጎኑን ትወጋው ጀመር። ጥርጣሬ ሲገባው መቸኮል ልማዱ ነውና፣ በማግስቱ ማመልከቻውን ጽፎ ሚስቱ ፊት አስቀመጠ።

ሚስቱ የቤቱን የፊት ለፊት ክፍል ፀጉር ቤት አድርጋ ታስተዳድራለች። የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች አንብባ ጨረሰችና፣ «ልምምድ ያስፈልግሃል» አለችው።

«የምን ልምምድ?»

«የጡረታ ነዋ። የዓመት ፈቃድህን ውሰድና እንደ ጡረተኛ ኑርልኝ። ፈቃድህ እስኪያልቅ ፀጉር ቤቴን ካላመስክ፣ ማመልከቻህን በገዛ እጄ አስገባልሃለሁ። ካመስክ ግን እስከ ስልሳ ዓመትህ ጡረታ የሚል ቃል ከአፍህ አይወጣም።»

«ተኝቼ ምኑን አምሳለሁ?» አለና ተጨባበጡ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ተተኪ ፈልግ ባለው ጊዜ ጋሽ ጋደም ዐይኑን አላሸም። ከትራስ የተሻለ የመጋደም ልምድ ያለው ሰው በምድር ላይ የለም። ትራስ ሥራ የሚለውን ቃል ሲሰማ ላብ አጠመቀው፤ ዝርዝሩን ሲሰማ ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማልዶ ተነሳ።

በልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ጋሽ ጋደም አልጋው ላይ ተዘረጋ። አልጋው አቃሰተ። ለስንት ዘመን የተኛበት አልጋ እንዲህ እንደሚያቃስት ልብ ብሎት አያውቅም። በክርኑ ደቆሰው፣ አዳመጠው፣ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ኤክስ አደረገበት። ሶፋውን ሞከረ፤ ወደቀ። የመመገቢያ ወንበሮቹ ተራ በተራ ወደቁ። ሳምንቱ ሳይጋመስ በቤቱ ውስጥ ፈተናውን ያለፈ ዕቃ መጥረጊያው ብቻ ነበር፤ እሱም ስላልተቀመጡበት።

ከዚያ ዐይኑ ፀጉር ቤት ገባ። ሚስቱ ከጓሮ ፎጣ ልታወርድ ወጣ ባለች ጊዜ፣ ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበት ረጅሙ የቆዳ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ፈተነው። አቃሰተ። እጁ አመል ሆኖበት ጠመኔውን መዘዘና አንድ ትልቅ፣ ወፍራም ኤክስ አሰመረበትና ወጣ።

ቀጥለው የገቡት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል። ተራ እስኪደርሳቸው ተቀመጡ፣ ተሠሩ፣ አምረው ወደ ትምህርት ቤታቸው ሄዱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ልጅ ኤክስ ሲሰጡ የኖሩት ሴት፣ ያን ቀን ከኋላቸው ቀሚሱ ላይ ነጭ ኤክስ ታትሞባቸው ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ወድቀው አቋረጡት። ተማሪው መሬት ላይ ተንከባለለ። የሒሳብ መምህሩ ሳቁን ለመደበቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ እስከ ደወል አልወጣም።

ርዕሰ መምህርቷ ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተመልሰው ሲገቡ፣ ሚስትየው ኤክሱን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ ባሏን አየች።

«ስልሳ» አለችው።

ጋሽ ጋደም አንገቱን ደፋ።

አንገቱን እንደ ደፋ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እያለከለከ ገባ።

«ጋሼ፣ ያ የተካኸው ሰው ፍራሹን ሁሉ አሳለፈው።»

«ሁሉንም?»

«አንድ አላስቀረም። ሆቴሉ የላክንለትን መልሶልናል። እንግዶቹ ሌሊት የሚያቃስተው ጎረቤት ክፍል ያለ በሽተኛ መስሏቸው ሐኪም አስጠርተዋል።»

«ሲፈትን ምን ያደርጋል?»

«ያንኮራፋል።»

ጋሽ ጋደም እንደ ተሰደበ ሰው ብድግ አለ። «ሥራው መጋደም ነው! እንቅልፍ ምን ቤት ነው?»

ሚስቱ አየችው። ዐይኑ ፈጧል፣ ጆሮው ቆሟል፣ ጠመኔው እጁ ውስጥ ነው።

«በል ስማ» አለችው ቀስ ብላ። «ፈቃድህ ገና አላለቀም። ከፈለግህ ስልሳውን ትቼ ልምምዱን እንደ አዲስ እናስጀምረው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ጋሽ ጋደም የግራ ጫማውን በቀኝ አድርጎ በሩ ላይ ነበር።

«ስልሳም እኮ ሩቅ አይደለም» አለና ወጣ።

ደጃፍ ላይ ትራስ እየተጎተተ ሲመለስ አገኘው።

«አባረሩህ?»

«ኧረ ምን ብለው? ጡረታ ወጣሁ።»

«በአንድ ሳምንት?»

«እናንተ ናችሁ የምታንዛዙት» አለና ወደ ሶፋው አመራ። ኤክሱን አየው፤ በክንዱ አበሰና ተዘረጋበት።

ፋብሪካው ውስጥ የተመለሱት ፍራሾች እስከ ጣሪያ ተቆልለው ጠበቁት። የስፌት ክፍል ኃላፊዋ ማሽኗን አቁማ ልታየው መጣች። ጋሽ ጋደም ጫማውን አወለቀ፣ በጀርባው ተኛ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ተገላበጠ፣ በክርኑ ደቆሰ፣ ጆሮውን ለጠፈ።

ፍራሹ ጭጭ አለ። ጋሽ ጋደምም ጭጭ አለ።

«አለፈ ወይስ ወደቀ?» አለች ኃላፊዋ። ጎንበስ ብላ ብታየው፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወስዶታል።

ጫኞቹን በጣቷ ዝም አሰኘች። ከዚያ ጠመኔውን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደችና፣ ካልሲ ባጠለቀ ውስጥ እግሩ ላይ አንድ ትልቅ ራይት አሰመረችለት።