የአዲሱ ራመን ቤት አበባ

ወይዘሮ ቺዙኮ ኢሶጋይ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ለፀጉር አስተካካይ ተዳሩና ዕድሜያቸውን የወንድ ማጅራት ሲያዩ ኖሩ። ባላቸው ይቆርጣሉ፤ እሳቸው ማጅራት ይላጫሉ፣ የተቆረጠውን ይጠርጋሉ። የከተማችንን ወንዶች ከፊታቸው ይልቅ በጀርባቸው ነው የሚያውቋቸው እየተባለ ይቀለድ ነበር። እሳቸው በዚህ አይስቁም፤ እውነት ስለሆነ የሚያስቅ ነገር አልታያቸውም።

ባላቸው ካረፉ በኋላ ፀጉር ቤቱ ሦስት ዓመት ተዘግቶ ቆየ። ወይዘሮ ቺዙኮ ፎቁ ላይ ይኖራሉ፤ ምድር ቤቱ ባዶ ነው። ናጎያ የሚኖረው ልጃቸው ዮሺሃሩ በየእሑዱ እየደወለ አንድ ነገር ይደጋግማል፦ ቤቱ ይሸጥ፣ እማዬም እኛ ጋ ትምጣ። እነሱ ጋ ማለት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ መስኮቷ የማይከፈት አንዲት ክፍል ናት። እናቱ አንድ ጊዜ ሄደው አይተዋታል። ከተመለሱ በኋላ ስለ ክፍሏ የተናገሩት "ንጹሕ ናት" ብቻ ነበር።

በመጨረሻ እናትና ልጅ ተስማሙ። ምድር ቤቱ ተከራይ ካገኘና ተከራዩም ገበያ ከቀናው እናት እዚሁ ይኖራሉ፤ አለዚያ ቤቱ ይሸጣል። በጸደይ ራመን የሚሉትን የኑድል ሾርባ የሚሠራ፣ ኑማታ የሚባል ሰው ከሰሜን፣ ከሆካይዶ መጥቶ ክፍሉን ተከራየ። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የፀጉር ቤቱን መስተዋቶች አነሣ፤ በቦታቸው ረጅም ባንኮኒና ጥቂት ወንበሮች አቆመ።

በመክፈቻው ቀን ጠዋት ከበሩ ግራና ቀኝ አራት የአበባ ማቆሚያዎች ተደረደሩ። ከሁሉ ትልቁን የላኩት ኑማታን ሙያ ያስተማሩት የሳፖሮው ሽማግሌ ነበሩ።

በእኛ ከተማ አዲስ ቤት ሲከፈት በሩ ላይ የሚቆመው አበባ የአላፊ አግዳሚው ነው። ሴቶች መቀስና አሮጌ ጋዜጣ ይዘው ይመጣሉ፤ የወደዱትን ቆርጠው፣ ጠቅልለው ይሄዳሉ። ባለቤቱን የሚያስፈቅድ የለም፤ እሱም አያይም። አበባው ቶሎ ባለቀ ቁጥር ገበያው ይደራል። ሳያልቅ ከመሸ ግን የዚያ ቤት ነገር አበቃ ማለት ነው። ይህን የሚያስተምር ሰው የለም፤ ሁሉም እያየው ያድጋል። ለኑማታም የነገረው አልነበረም፤ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልተገኘማ።

የወይዘሮ ቺዙኮ የረጅም ጊዜ ጓደኛ ወይዘሮ ሚትሱዮ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ቀድመው ደረሱ። ከትልቁ ማቆሚያ አንድ ነጭ ሊሊ ቆረጥ እንዳደረጉ ኑማታ በራሱ ላይ ፎጣ እንደጠመጠመ ከውስጥ ሮጦ ወጣ።

"ምን እያደረጋችሁ ነው? በጠራራ ፀሐይ!"

ወይዘሮ ሚትሱዮ ሊሊውን ቀስ ብለው ወደነበረበት መለሱት። ተቆርጧልና አልቆመም፤ ወደቀ። ኑማታ አራቱንም ማቆሚያዎች አንድ በአንድ እየጎተተ ወደ ውስጥ አስገባቸው። ሴቶቹ ጋዜጣቸውን አጥፈው ሄዱ። የተቆጣ አልነበረም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ባንኮኒው ጋ ተቀምጠው የሚበሉት ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም የሌላ ከተማ ሰዎች። ወይዘሮ ሚትሱዮ በጓሮ ደረጃ ወጥተው የሆነውን ለጓደኛቸው ነገሯቸው።

"ተከራይሽ አበባውን ቤት አስገብቶ ቆልፎበታል። ሊቀቅለው ነው መሰለኝ።"

"አያውቅማ!"

"እሱማ ባያውቅ ነው። አለማወቁ ግን ደንበኛ አያመጣለትም። ይልቅ ሻንጣሽን አውርጂ። ናጎያ አሳንሰር አለ፣ ጉልበትሽ ያርፋል።"

"አፍሽም ቢያርፍ ጥሩ ነበር" አሉ ወይዘሮ ቺዙኮ።

ካፖርታቸውን ደርበው ወረዱ። በጓሮ በር መግባት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን በመንገዱ ዞረው እንደ ማንኛውም ደንበኛ በፊት በር ገቡ። ብቻቸውን ራመን ቤት ገብተው አያውቁም። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ራመን በብስክሌት ነበር የሚመጣላቸው፤ አንዱ ደንበኛ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቆመው ይበሉታል። አሁን ተቀምጠው ጠበቁ።

ጎድጓዳው ሳህን ቀረበላቸው፤ ከአኩሪ አተር ሊጥ የተሠራ ወፍራም የሚሶ ሾርባ፣ ጥምዝምዝ ያለ ቢጫ ኑድል፣ የበቆሎ ፍሬ፣ ከላይ አንድ ቁራጭ ቅቤ። ቅቤው ሲቀልጥ አዩት። ከዚያ ሁለቱን የመብያ እንጨቶች አንሥተው ኑድሉን ድምፅ እያሰሙ ይምጉ ጀመር። ሾፌሮቹ ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ።

"እንዴት ነው፣ እማማ?" አለ ኑማታ።

"ሾርባው ጥሩ ነው። ቤቱ ግን ለቅሶ ቤት ይሸታል።"

ኑማታ በግድግዳው ጥግ የተጨናነቁትን ሊሊዎች አየ።

"ሊሰርቁብኝ ሲሉ እኮ ነው ያስገባሁት።"

"ማን ሰረቀህ? ሊመርቁህ ነው የመጡት" አሉና ልማዱን ነገሩት። "ይኸ አበባ እስኪመሽ ከቆየ ማንም ደጅህን አይረግጥም። አንተ ወደ ሰሜንህ ትመለሳለህ፣ እኔም ልጄ ጋ ዘጠነኛ ፎቅ እወጣለሁ።"

ኑማታ ጭልፋውን አስቀመጠ።

"ትልቁን የላኩልኝ መምህሬ ናቸው። ስሠራላቸው ስድብ እንጂ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። የመጀመሪያቸው ነው። እንዴት አድርጌ ላስቆርጠው?"

ወይዘሮ ቺዙኮ የአፋቸውን ጨርሰው ዋጡ።

"ፎቶ አንሣው።"

አነሣው። ከዚያ ማቆሚያዎቹን መልሶ ወደ ደጅ አወጣ፤ የሚቆርጥ ግን አልነበረም።

"እኔው ለየቤቱ ይዤ ልዙር?"

"የተሰጠ አበባ አይሆንም፤ መወሰድ አለበት። አንተ እያየህ ደግሞ ማን ይደፍራል? ወደ ድስትህ ዙርና ቁም።"

ኑማታ ዞረ። ወይዘሮ ቺዙኮ እዚያው ወንበራቸው ላይ ሆነው ስልክ ደወሉ።

"ሚትሱዮ፣ መቀስሽን ይዘሽ ነይ።"

"ደግሞ ይጮህብን?"

"ጀርባውን ሰጥቷል።"

"ጀርባው እንዴት ነው?"

"ማጅራቱ አልተስተካከለም። ሌላው ደህና ነው።"

መጡ። ሦስት ሆነው ሳይሆን ሰፈሩን ይዘው መጡ፤ ካልቀረ ነገር ማን ይቀራል። ከደጅ የመቀስ ድምፅና የጋዜጣ መንኮሻኮሽ ይሰማል። ኑማታ ድስቱን እያማሰለ መቀሱ ቀጭ ባለ ቁጥር ትከሻው ከፍ ይላል፤ ዞሮ ግን አላየም። በመጀመሪያ ያለቀው የመምህሩ ነው፤ ሊሊዎቹ ትልልቅ ነበሩ።

ወይዘሮ ሚትሱዮ እቅፋቸውን ሞልተው ገቡና ከጓደኛቸው አጠገብ ተቀመጡ።

"ይኸ ምንድን ነው? በቆሎ? ለዶሮ ነው እንዴ የምትሠራው?"

"በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚበላው፣ እማማ።"

"በእናንተ ዘንድ ብዙ ነገር አለ" ብለው መብላት ጀመሩ። ሾርባውን ሳይቀር ጨለጡትና ሳህኑን ገፋ አደረጉት። "ጨው በዝቷል። ነገ ቀንሰው።"

ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች ቦታ እየጠበቁ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከበሩ ግራና ቀኝ የቀረው ሽቦና ቅጠል ብቻ ሆነ። ዮሺሃሩ እሑድ ባይሆንም ደወለ።

"እንዴት ሆነ፣ እማዬ?"

"አንድም አልቀረ።"

ዮሺሃሩ እዚሁ ነው ያደገው፤ ምኑ ብሎ አልጠየቀም።

"ቅዳሜ ቤቱን የሚያይ ገዢ ቀጥሬ ነበር።"

"ይምጣ" አሉ ወይዘሮ ቺዙኮ። "ራመኑን ይብላና ይሂድ።"