እንትፍ የተባለበት ልጅ

ዓለሚቱ ከእብናት ገበያ ስትመለስ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። የሸክላ ጭቃ ጥፍር ሥር ይቀራል፤ ታጥቦም አይለቅም። ፊቷን ያየ “እማማ፣ ወዲህ ይቀመጡ” ይላታል። ጥፍሯን ያየ ግን ሸክላ ሠሪ መሆኗን አውቆ ወንበሩን ትቶላት ይሸሻል።

በዚያ ቅዳሜ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችው ማሬ የምትባል ወጣት የገበሬ ሚስት ያየችው ፊቷን ነው። ሕፃን ታቅፋለች። ልጁን ከሐሙስ ጀምሮ ያተኩሰዋል፤ ደብረ ታቦር እህቷ ቤት አድራ ጠበል ልታስጠምቀው ነው።

“እማማ፣ ትንሽ ቢይዙልኝ? ክንዴ ዛለ።”

ዓለሚቱ ተቀበለችው። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ይሰረጎዳል። እሷም በዚሁ ሕመም ልጅ ቀብራለች።

“የኔ ልጅ፣ ይኼ ሳንባው ነው። እንደወረድን ቀጥታ ሆስፒታል! ጠበሉ አይሄድብሽም።”

“እሺ እማማ፤ እርስዎም አይለዩኝ።”

መናኸሪያ ሲደርሱ ባዩ የሚባለው ጭነት አውራጅ ከጣሪያው ላይ ሆኖ ጮኸ። “ዓለሚቱ! የተረፉ ማሰሮዎችሽን ላውርድልሽ ወይስ መጀመሪያ አንድ ሰው ትበያለሽ?” ብሎ ራሱ ሳቀ።

ማሬ አልሳቀችም። የሴትዮዋን እጅ አየች፤ ልጇን ነጠቀቻትና ፊቱን በጋቢ ሸፈነች። በዚያች ቅጽበት ማንም ምንም አልነገራትም፤ ሁሉም ቀድሞ ተሰናድቶ ተቀምጦላታል። በልጅነቷ የሰማችው ወሬ፣ ሸክላ ሠሪ ባለፈች ቁጥር እናቷ ሌማቱን ስትከድን ያየችው፣ ሁሉም ባንድ ገመድ የታሰረ ነው። “ማሰሮ” የምትለው ቃል ስትጎተት ሁሉም ግር ብሎ መጣ። ልጁ ከሐሙስ ጀምሮ መታመሙ ግን አልመጣም። ይህችን ሴት ያገኘቻት ዛሬ መሆኑም አልመጣም። የሚጠቅማት እሱ ነበር፤ ከገመዱ ጋር ያሰረላት ሰው የለም። ይህ የገበሬ ጭንቅላት ብቻ አይምሰላችሁ! ባለዲግሪውም ካህኑም ያንኑ ገመድ ይዞ ይዞራል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገሩ ነው ልዩነቱ።

“ልጄን በላሽብኝ!” አለች ማሬ። አንቱታው ሚኒባሱ ውስጥ ቀረ። “እንትፍ በይበት! እንትፍ ሳትይ እግሬን አላነሳም!”

ሰው ተሰበሰበ። ቡዳ የተባለ ሰው እንትፍ ካለ የበላውን ለቀቀ ነው የሚባለው፤ ለቀቀ ማለት ደግሞ በልቶ ነበር ማለት ነው። ዓለሚቱ ይህን አሳምራ ታውቃለች። እናቷ በድንጋይ ተፈንክታ እንኳ እንትፍ አላለችም። እሷም ብላ አታውቅም። በተለይ አሁን አትልም፤ ልጇን ዓይናለምን ለገበሬ ቤት ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠዋል።

“ሆስፒታል ትሄጃለሽ?”

“እንትፍ በይ አልሁሽ!”

“ካልሁስ ትሄጃለሽ?”

“እሄዳለሁ!”

ሕፃኑ ከጋቢው ሥር አቃሰተ።

ዓለሚቱ እንትፍ አለች።

ልጁ በመርፌና በኦክስጅን ዳነ። ማሬ በየገበያው የምታወራው ግን መርፌውን አይደለም። “ራሷ መብላቷን አምና ለቀቀችልኝ” ነው የምትለው። አትዋሽም፤ መናኸሪያው ሙሉ ሰው አይቷል። ድስት ሲሰበርባት ግን ከዓለሚቱ ዘንድ ሰው ልካ ትገዛለች።

ሽማግሌዎቹ አልመጡም።

“የማታውቂውን የሰው ልጅ አድነሽ እኔን ቀበርሽኝ” አለቻት ዓይናለም።

“አንቺ ብትሆኚስ ምን ታደርጊ ነበር?”

ዓይናለም ልብሷን ሸክፋ ወደ ባሕር ዳር ሄደች፤ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቃት ወደማይኖርበት።

እዚያም ይጠይቃሉ።