ከእማዬ ቀሚስ የወጣ ሸሚዝ

ልጅ እያለሁ የነበረኝ አንድ ሸሚዝ ከውጭ ሲታይ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ከውስጥ ግን አበባ በአበባ ነበር። እማዬ የክት ቀሚሷን ቀድዳ ነው የሰፋችልኝ። የመካኒሳ ልጆች እንዳይስቁብኝ ብላ ጨርቁን ገልብጣ አበባውን ወደ ገላዬ አዞረችው።

ቀሚሱ የእኔ ድርሻ አልነበረም። ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፣ ለጥምቀት በልኳ ሊሰፋላት ቃል ተገብቶላት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳጥን አውጥታ ትለካው ነበር። የብል መድኃኒት የሚሸተውን ቀሚስ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ይዛ ከመስኮቱ መስታወት ፊት ትዞራለች።

ጥምቀት ሲቃረብ ግን ትምህርት ቤት ግጥም አንባቢ ሆኜ ተመረጥኩ። የነበረኝ ሸሚዝ ክርኑ አልቋል። እማዬ መቀሱን ስታነሳ እትዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አንቺ ትልቅ ነሽ፤ ነገሩ ይገባሻል» አለቻት።

በማግስቱ የሸሚዙን ቁልፎች የተከለችልኝ እትዬ ናት። ለጥምቀት «ራሴን አሞኛል» ብላ ቤት ቀረች። እኔ ከአቦ ታቦት ኋላ ስሮጥ አበባው በላብ ገላዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ዛሬ ብዙ ያነበብኩና በየግብዣው ሰው የማሰለች ሆኛለሁ። ባለፈው እሁድ ላፍቶ፣ እትዬ ቤት ምሳ ስንበላ ጀመርኩ።

«ቀሚስና ሸሚዝ እኮ አንድ ቃል ናቸው። ምንጫቸው የላቲኑ ‹ካሚሲያ› ነው ይባላል። አንዱ በዓረብ በኩል ዞሮ ቀሚስ ሆነ፣ ሌላው በፈረንሳይ በኩል ሸሚዝ። ጣሊያን ‹ካሚቻ› ይላል። ህንድ አገር ወንዱም ሴቱም ‹ከሚዝ› ይለብሳል።»

ልጆቿ ከስልካቸው ቀና አላሉም። እትዬ ወጥ እየጨመረችልኝ፣ «አንተ፣ አንድ ከሆኑ ታዲያ ምነው ለሁለታችን ሳይበቃን ቀረ?» አለች።

ሳቀች። ልጆቹም ሳቁ።

የእኔ ዘመን ሰዎች «ያኔ ያለችውን ተካፍለን ነበር የምንኖረው» ማለት ይወዳሉ። እውነት ነው፤ ከማን ተቀንሶ ለማን እንደተሰጠ ግን አያነሱም። አሁን ቁም ሳጥኔ በሸሚዝ ተጨናንቋል። ለእትዬም በየዓመቱ ለጥምቀት ቀሚስ እገዛላታለሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትቀበለኛለች፣ አጥፋ ታስቀምጠዋለች። የሚያማምሩ ናቸው። ሁሉም ግን የትልቅ ሴት ልክ ናቸው።