ለክብሬ የተዘረጋው ገመድ

ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ እጠግናለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ እጄን ያያል። «በርቺ» ይለኛል፤ ከዚያ ወንድ ባልደረባ እንዳለኝ ይጠይቃል። የሚያውቅልኝ ጠፋ ብዬ ስንት ዓመት ሳኮርፍ ኖሬ፣ አምና የሴቶች ቀን ሲከበር መሥሪያ ቤታችን «በሳይንስና ቴክኖሎጂ አርአያ የሆነች ሴት» ብሎ መረጠኝ። ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከዓለም ባንክ ሰፈር ታክሲ ስይዝ፣ ለሴት ሠራተኞች ሁሉ የተሰፋው አንድ ዓይነት ቀሚስ እንዳይጨማደድብኝ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ ነበር። ረዳቱ «እናቴ፣ ጠጋ በይ እንጂ!» ሲለኝ፣ ዛሬ ማንን እንደጫነ ቢያውቅ ብዬ በዓይኔ ገላመጥኩት። በከንፈሬ ንግግሬን እለማመዳለሁ፦ «ይህ ክብር ለእኔ ብቻ አይደለም...»። ውሸቴን ነው። ለእኔ ብቻ እንዲሆን ነበር የምፈልገው።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ድፎ ዳቦው ተሸፍኖ ቆራሹን ይጠብቃል። በሴቶች ቀንም ቢሆን ቆራሹ፣ ያው እንደ ወጉ፣ ወንድ ነው፤ ዳይሬክተራችን ናቸው። ድምፅ ማጉያ ያመጣው ሰውዬ የተጠቀለለ ገመድ ተሸክሞ ሲንከራተት አየኝና «ኢንጂነር፣ መብራት ከየት ልሳብ?» አለኝ። ኢንጂነር! እዚያ ግቢ ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠራኝ የለም፤ «የማሽኗ ልጅ» ነው የምባለው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። በመስኮት በኩል የሚታየውን የኮሪደር ሶኬት በጣቴ አሳየሁትና «እዚያ ሰካው» አልኩት። ማጉያው ምን ያህል ኃይል እንደሚስብ አልጠየቅሁ፤ ያ መስመር ሌላ የት እንደሚደርስ አላሰብኩ። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ሳምንት ሙሉ ነበር የምጮህበት።

ዳይሬክተሩ ስለ ሴት ልጅ ብርታት ብዙ ተናገሩ፣ ካባ ደረቡልኝ፣ ማይኩን ሰጡኝ። «ይህ ክብር...» ከማለቴ ድምፁ ድርግም! ድንኳኑ በሙሉ «ውይ!» አለ። እኔም ውይ አልኩ፤ ለንግግሬ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ወዲያው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል ሲስተር እየሮጡ መጡ። ጡረታ የደረሱ፣ በሌላ ቀን እርምጃቸው እንኳ የረጋ ነርስ ናቸው። «ማሞቂያው ጠፋ፣ ነይ ቶሎ!» አሉኝ።

ካባዬን እየጎተትኩ ገባሁ። ሲስተር ወደ እኔ ከመሮጣቸው በፊት ሕፃኗን ከማሞቂያው አውጥተው፣ እናቷ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርገው በጋቢ ሸፍነዋታል። እናትየዋ ከሳንሱሲ የመጣች ልጅ እግር ናት፤ ሕፃኗ ደግሞ መዳፍ የማትሞላ። የዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሕፃን አልነበረም። እኔ ማሽኑ ላይ ተደፋሁ፤ የኋላ ክዳኑን ፈታሁ፣ ፊውዙን ነካካሁ፣ አላበኝ። ቀና ስል ኮርኒሱ ላይ ያለው አምፖልም ጠፍቷል። መሐንዲስ ተብዬ! ማሽን ከመፍታቴ በፊት አምፖል ማየት አቃተኝ። የከተማው መብራት ሄዶ ቢሆን ጄኔሬተሩ ይነሳ ነበር፤ የወደቀው፣ መስመሩ ሲጫንበት መብራት የሚቆርጠው፣ የዚህ ክፍልና የኮሪደሩ ብሬከር ብቻ ነው። በመስኮቱ ስመለከት ጥቁሩ ገመድ እስከ ድንኳኑ ተዘርግቷል። ሕፃኗ እዚህ የምትቀዘቅዘው እኔ እዚያ እንድሰማ ነው።

ሮጬ ገመዱን ነቀልኩ፣ ብሬከሩን አነሳሁ። ማሞቂያው ጮኾ ተነሳ። ሲስተር የሕፃኗን ሙቀት ለኩና ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ወርዷል።

ባለማጉያው በመስኮቱ ብቅ አለ። «ኢንጂነር፣ ትንሽ ብቻ ልሰካው? ያንቺ ንግግር እኮ ነው የቀረው!» ምን ልዋሽ፣ አስቤበታለሁ። ለአፍታ ቢሆንም አስቤበታለሁ። ከዚያ በራሴ አፍሬ በእሱ ላይ ጮኽኩ፦ «ጠቅልል ገመድህን!» ምስኪን፣ እሱ ምን አጠፋ።

ልወጣ ስል እናትየዋ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች።

«እህቴ፣ አንቺ ማነሽ?»

«ማሽን ጠጋኝ ነኝ» አልኳት። በዚያ ባቆምስ ምን ነበረበት? አፌ ግን ቀጠለ። «መብራቱም የጠፋው በእኔ ነው። ገመዱን እዚህ ሰካው ያልኩት እኔ ነኝ።»

አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። የለበስኩትን ካባ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እንግዲያው እስክትሞቅ አትሄጂም» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ከድንኳኑ ስሜን ያለ ማይክ፣ በጉሮሮ ይጠራሉ፤ ያጨበጭባሉ፤ ደግመው ይጠራሉ። ሕፃኗ ወደ ማሞቂያው ተመለሰች፤ ሦስታችንም ማሽኑ ላይ ሙቀቷን የሚያሳየው ቁጥር ላይ አፈጠጥን። ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ቁጥሩ አልነቃነቅ አለ። ጭብጨባው ቆመ፣ ዳቦው ተቆረሰ መሰለኝ እልልታ ተሰማ። ሲስተር በሆዳቸው ይጸልያሉ።

ቁጥሩ ከፍ ማለት ሲጀምር ቀድማ ያየችው እናቷ ናት። ሲስተር ለክተው «ተመስገን፣ ሞቀች» እስኪሉ ድረስ ዓይኗን አላነሳችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አሁን ሂጂ» አለችኝ።