ሁለት ቆሮሶ በዘይት ቆርቆሮ

ዓሣ ፍሪጅ ውስጥ አላሳድርም። የእህቴ ልጆች «አክስታችን ፍሪጅ የገዛችው ለጌጥ ነው» እያሉ ይሥቁብኛል። ይሣቁ። ማቆየት ሳላውቅበት ቀርቼ አይደለም። በደርግ ጊዜ ልደታ ውስጥ ዓሣ ማቆየት የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ የሚጠቆመው የኛ ቤት ነበር።

ባለቤቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ያደገው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። በየሳምንቱ ወደዚያው ዕቃ ያደርሳል፤ ከመመለሱ በፊት ከአጎቱ ልጆች ጋር ጀልባ ላይ ይወጣና ቆሮሶ የሚሉትን ሰፊ ዓሣ አጥምዶ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ያመጣል። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ግቢ ስድስት ቤተሰብ ነበርን። ፍሪጅ ያለን እኛ ብቻ ነን፤ እሷንም ከአገር የሚወጣ ፈረንጅ ዕቃውን ሲሸጥ ነው ያገኘናት። አሮጌ ናት፣ ታጓራለች፣ የቀበሌ ቤታችንን እኩሌታ ይዛለች።

እኔ ደግሞ የሽሮ ልጅ ነኝ። ዓሣ መጀመሪያ ያመጣ ቀን አፍንጫዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። «ወይ ይኼ ሽታ ይወጣል፣ ወይ እኔ እወጣለሁ» አልኩት።

«ዓሣ አይሸትም፤ የሚሸተው የሰነፍ ዓሣ ነው» አለኝና እጅጌውን ሰበሰበ።

ሲሠራ ማየት ደስ ይል ነበር። ሆድ ዕቃውን እዚያው ሐይቁ ዳር አውጥቶ ነው የሚመጣው። ቤት ሲደርስ ቅርፊቱን በማንኪያ ከጅራቱ ወደ ራሱ ይገፋል፤ ጉንጩ ሥር ያለውን ቀይ ነገር መዝዞ ይጥላል፤ ደሙ እስኪጠፋ በቀዝቃዛ ውኃ ያጥበዋል። «ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ» ይልና በሩን ያያል፤ ያኔ ተረት እንኳ ሰው ተመርጦ ነበር የሚተረተው። ከዚያ በጎኑ በቀደደው የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ዓሣውን ያጋድምና እስኪሸፍነው ድረስ ንጹሕ ውኃ ይሞላበታል። ውኃው በረዶ ሲሆን ዓሣው መስተዋት ውስጥ የተኛ ይመስላል። «ነፋስ ካላገኘው አይደርቅም፣ አይሸትም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀልጦ ሲጠበስ የዛሬ ነው ብለህ ትምላለህ። የባሕር ቤት እያሉ ያሙን የነበሩ ጎረቤቶች ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ሳህን ይዘው መምጣት ጀመሩ።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። አንዴ የቀለጠ ዓሣ ወደ በረዶ አይመለስም፤ ይበላል፣ አለዚያ ይጣላል። እኔን ሳያስምለኝ የቀረ አይመስለኝም።

ከዚያ ጥሪው መጣ። ሰሜን ጦር ሜዳ ሹፌር ይፈለግ ስለነበር ከነመኪናው እንዲሄድ ተነገረው። ከመጨረሻው የዝዋይ ጉዞው ሁለት ቆሮሶ ብቻ ይዞ መጣ። «ዛሬውኑ ልሥራው» ብለው እምቢ አለኝ። እንደ ልማዱ አጥቦ አጋደማቸው፣ ውኃ ሞላባቸው።

«ይኼ የመመለሻዬ ነው፤ ስመጣ አብረን እንበላዋለን» አለኝ። «አደራ፣ እስከዚያ እንዳትነኪው።»

ዓሣ አደራ የሚሰጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሥቄበት ነበር። የሄደ ዕለት ግን ፍሪጁን ከፍቼ እጄ እስኪደነዝዝ ቆርቆሮውን ይዤ ቆምኩ።

ሁለት ደብዳቤ መጣልኝ። ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ናፈቀኝ። ፉጨቱ ናፈቀኝ፣ ከጆንያው እየተንጠባጠበ ደፉን የሚያበላሽብኝ ውኃ ሳይቀር ናፈቀኝ፤ እኔ ነኝ በዚያ ውኃ ስንቴ የተነጫነጭኩት። ተስፋዬን ሁሉ ቆርቆሮው ላይ ጣልኩ። ዓሣው ደህና ከሆነ እሱም ደህና ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። አንዷ ጎረቤቴ «ክረምት ሳይገባበት ብዪው እንጂ» ብትለኝ «አታሟርቺብኝ!» ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። እናቱም ከዝዋይ በሰው ላኩብኝ። «ልጄ ያስቀመጠው ዓሣ አለ ሲሉ ሰማሁ፣ አንድ ቀን መጥቼ ብቀምሰው ደስ ይለኛል» ነው ያሉት። «እሱ ሲመጣ አብረን እንበላለን በሏቸው» ብዬ መለስኩ። ለኚያ እናት እንዲህ ብዬ መለስኩ።

ነሐሴ ላይ መብራት ጠፋ። አንድ ቀን ሆነ፣ ሁለት ቀን ሆነ። ፍሪጁን በጋቢ ጠቀለልኩትና በሩን የሚከፍት ሰው እንዳይኖር አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጠዋት ልደታ ሄጄ ስሳለም ሰው ሁሉ የዘመተ ልጁን ይለምናል፣ እኔ መብራት እለምናለሁ። በሦስተኛው ቀን ከፍሪጁ ሥር ውኃ ወጣ። ከፈትኩት። በረዶው አልቋል። ሁለቱ ቆሮሶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ናቸው፤ በጣቴ ስጫናቸው ሥጋቸው ጠንካራ ነው፣ ሽታ የሚባል የለም።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ምድጃ ማያያዝ ነበረብኝ። ጠብሼ አውቶቡስ ተሳፍሬ ለእናቱ ባደርስላቸው ማታውን ይቀምሱት ነበር። ቢላዋም አንስቻለሁ። እጄ ግን እምቢ አለኝ፤ ከሠራሁት ተዝካሩን ያወጣሁ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ቆርቆሮውን መልሼ አስገባሁና ዘጋሁበት። ለማንም አልተናገርኩም።

ጥቅምት ላይ እናቱ ራሳቸው መጡ። ከስተዋል። መሥሪያ ቤቱ አብረን ሄደን ስለ ልጃቸው ጠየቅን። «ወሬ ሲመጣ ይነገራችኋል» ተባልን። ቤት ገብተው ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ ወደ ፍሪጁ አዩ።

«የኔ ልጅ፣ ሌላ ክረምት የምደርስ አይመስለኝም» አሉኝ። «የልጄን እጅ አንዴ ልቅመስ።»

እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ቆርቆሮውን አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። በረዶው እንደ ድሮው አልነበረም፤ ደፍርሷል፣ የዓሣዎቹ ጀርባ ወደ ላይ ወጥቶ ደርቋል፣ ሽታውም ወዲያው ቤቱን ሞላው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ዓሣ ሲያጸዱ የኖሩ ሴት ናቸው። በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ቀና አሉ።

«ቀልጦ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«መቼ?»

«ነሐሴ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ።»

«ያኔ ደህና ነበር?»

ብዋሽ ማን ያውቅብኛል። «ደህና ነበር» አልኳቸውና አለቀስኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ባይቆጡኝም ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ቆርቆሮውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ቀሚሳቸው እየራሰ ነው፣ ልብ አላሉትም።

«ተዪው፣ አታልቅሺ» አሉኝ። «ለሱ ሲመጣ ትኩስ ይሠራለታል እንጂ የከረመ ያበሉታል እንዴ?»

በረዶው እስኪቀልጥ እንደዚያው ይዘውት ተቀመጡ። ከዚያ ግቢው ጥግ ላይ ቆፈርንና ዓሣዎቹን አስገባናቸው። ድመት እንዳያወጣቸው አፈሩን በእግራቸው ጠቀጠቁት። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዘውኝ ነበር።

እሳቸው እንዳሉት ሌላ ክረምት አልደረሱም። ጦርነቱ አልቆ ወታደሩ ተበትኖ በእግሩ ሲመለስ ፍሪጁን አጥቤ፣ ባዶ አድርጌ፣ በር በሩን እያየሁ ጠበቅኩ። ለሱ የሚሠራለት ትኩስ ነዋ። አልመጣም።

ዛሬም ዓሣ ከመጣልኝ በዕለቱ እሠራዋለሁ። የምድጃው እሳት ሳይጠፋ ግቢውን እዞርና የምጠራው መጀመሪያ አሮጊቶቹን ነው።