የእኅተማርያም ግራ መዳፍ

እኅተማርያምን የማያውቅ የሮቤ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ሽሮ አይወድም። ከገበያው ጀርባ ባለችው ምግብ ቤት ወጥ ስትሠራ ፀጉሯ ሸበተ። ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ቤተክርስቲያን ስትቆም እንኳ እግሯ ማርያም ደጅ፣ ልቧ ምድጃ ላይ ነው። ዲያቆኑ «ለጸሎት ተነሡ» ሲል እሷ በሆዷ «ሽንኩርቱን ማን ከተፈው?» ትላለች። ከዚያማ ቅዳሴው ሳያልቅ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በሩን ተሳልማ እብስ! የመጨረሻዋን ቃል፣ «በሰላም ግቡ» የምትለዋን፣ ሰምታ አታውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩ ሊያብከነክናት የጀመረው ባሏ ጌታነህ ካረፈ ወዲህ ነው። ሰውዬው «ልጆቹ ይደጉና እንቆርባለን» ሲል፣ «አዝመራው ይግባና» ሲል፣ ሳይቆርብ ሄደ። ከለቅሶው በኋላ እንቅልፍ አጣች። «እኔም ከድስት ወደ ድስት ስሮጥ እንዲሁ ልቀር ነው እንዴ? ከእግዜር ጋር ሳንተዋወቅ?» እያለች ትብሰለሰላለች። በመጨረሻ ለንስሐ አባቷ ለአባ ኃይለልዑል ሁሉን ተናዘዘች፤ የሰጧትን ቀኖናም በጾምና በስግደት ፈጸመች። «በኅዳር ጽዮን ትቆርቢያለሽ» አሏት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የሚቆርብ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እንኳ አፉ አይገባም። ወጥ ሠሪ ደግሞ ሳትቀምስ እንዴት ትሠራለች? ጊዜው ስንዴ የሚታጨድበት ነው፤ ከተማው በኮምባይነር ሾፌር ተጥለቅልቋል፤ በዋዜማው ቅዳሜ የምግብ ቤቱ ባለቤት «ዛሬማ አትቀሪም» አላት። መላ ያመጣችው ረዳቷ ዙህራ ናት፤ ጎሮ ተወልዳ ያደገች፣ ሶላቷን የማታዛንፍ ሙስሊም።

«እትዬ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? የጾም ሽሮ አይደል እንዴ! እኔ እቀምስልዎታለሁ» አለቻት።

እንደተባለውም ሆነ። እኅተማርያም በጊዜ ትንሽ ቀማምሳ አፏን ዘጋች። እሷ ታማስላለች፣ ዙህራ ትቀምሳለች፣ «ጨው ይጨምሩበት፣ አሁን ልኩ ነው» ትላለች። ከሰዓት በኋላ ዙህራ «ዐስር» የሚባለውን ሶላት ልትሰግድ ወደ ጓሮ ወጣች። ያኔ ነው ደራራ የሚባለው ሾፌር ጓደኞቹን አስከትሎ፣ የስንዴ አቧራውን ሳያራግፍ ከተፍ ያለው።

«አካም ጅርቱ እትዬ! በረሃብ አለቅን፣ ቶሎ በሉ!»

እኅተማርያም ድስቱን አማሰለች፤ ማማሰያውን አነሳች፤ ግራ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፤ ላሰች።

«ጨው ይቀረዋል» አለች። ከዚያ ባለችበት ደረቀች። ወይ ጉድ! ወይ የኔ ነገር!

ማንም አላየም። ታዲያ ምን ያንቆራጥጣታል? ጠብታ ናት፤ ጠብታ ምግብ ይባላል? ዙህራ አላየች፤ ደራራ ስልኩ ላይ ነበር። ያየው እግዜር ብቻ ነው። ጣጣውም ይኸው እሱ ማየቱ ነው።

በማግስቱ እሑድ፣ በኅዳር ጽዮን ማለዳ፣ ቅዳሴው ሳይጀመር ነጭ ልብሷን ለብሳ ከቆራቢዎቹ ጋር ተሰለፈች። ከሰልፉ ወጥታ ግቢው ውስጥ አባን አገኘቻቸው።

«አባ፣ ትናንት ሽሮ ቀመስኩ። እጄ ነው እንጂ እኔ… አይ፣ እኔው ነኝ።»

አባ ኃይለልዑል አንገታቸውን ደፉ፤ በመስቀላቸው ባረኳት። «ዛሬ አይሆንም ልጄ። ለገና ያድርሰን። ሂጂ ግን አልልሽም፤ ቁሚና አስቀድሺ።»

በሴቶቹ በኩል ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። ተናደደችበትም፣ በእግዜር። «ምን አለበት አንዲት ቀን እጄን ብትይዝልኝ!» አለችው። ሌሎቹ ሲቆርቡ እየተራበች አየቻቸው። ሽንኩርቱንም፣ ምድጃውንም፣ ባለቤቱንም ረሳች። «በሰላም ግቡ» ሲባል ደንግጣ ዙሪያዋን ተመለከተች።

ዙህራ የምግብ ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። «እንኳን ደስ አለዎት! ቆረቡ?»

«አልቆረብኩም። አንቺ ሶላት ላይ ሳለሽ ቀመስኩ።»

«ያ አላህ! በኔ ምክንያት!»

«ተይ ባክሽ! አንቺማ ሰዓቱ ሲደርስ ድስቱን ጥለሽ ትወጫለሽ። ያቃተኝ እኔን ነው።»

ሽርጧን አስራ ገባች። ሽሮው ሲንተከተክ አማሰለች፤ ማማሰያውን ስታነሳ ግራ መዳፏ ሳታዘው ተዘረጋ። አየችው። ማማሰያውን ለዙህራ አቀበለቻት።

«ቅመሺልኝ።»

«ዛሬ እኮ እሑድ ነው፣ ቅዳሴም አልቋል። ማን ከለከለዎት?»

«እስከ ገና አልቀምስም» አለች መዳፏን በሽርጧ እየጠረገች። «ይቺ እጅ ትልመድ።»