ዝግባውን የነፈገን ባላባት

በጃንሆይ ዘመን ከነቀምቴ አርጆ አውቶቡስ እነዳ ነበር። አንድ ክረምት ደራሽ ውሃ መንገዱ ላይ ያለውን የእንጨት ድልድይ ጠራርጎ ወሰደው። እኔና አውቶቡሱ ነቀምቴ በኩል ቀረን። የመጀመሪያ ልጃችንን ያረገዘችው ሚስቴ አርጆ፣ እናቷ ዘንድ ነበረች።

ከወንዙ በላይ የአንድ ባላባት የዝግባ ጫካ ነበር። ለድልድይ የሚሆን ረጅም ግንድ በቅርብ ከዚያ ሌላ አይገኝም። ሽማግሌዎች እንደ አገሩ ልማድ ለልመና እርጥብ ሣር ይዘው ደጁ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ።

«ኦቦ፣ ሰው መተላለፊያ አጣ። ጥቂት ዛፍ ይስጡን» አልኩት።

«እኔ በቅሎ አለኝ። የአባቴን ዝግባ ለናንተ ጎማ አልጥልም» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ሚስቴ ምጥ ሲጠናባት ወገኖቿ ነቀምቴ ሆስፒታል ሊያደርሷት በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ድረስ መጡ። እኔ ከወዲህ አውቶቡሱን አቁሜ እጠብቃለሁ። ውሃው ዋናተኛ እንኳ አያስገባም። ከማዶ እጇን ስታነሳ አየሁ፤ የምትለውን የወንዙ ጩኸት ዋጠው። ሳይመሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳቡባት።

ክረምቱ ሲወጣ ሰዉ ከሩቅ ግንድ በትከሻው እያመጣ ድልድዩን መልሶ ሠራ። እኔም ተሸክሜአለሁ። አውቶቡሱ መጀመሪያ የተሻገረ ዕለት ሴቶች እልል አሉ። እኔ ባላባቱን ነበር የማስበው።

ቆይቶ በቅሎው ሞተችበት። መንገድ ዳር ቆሞ ሊሳፈር ዱላውን ሲያነሳ ጭቃ እየረጨሁበት አልፋለሁ። የአውቶቡሱ ባለቤት፣ የጎጃም ሰው ነው፣ «ምነው፣ ትልቅ ሰው እኮ ናቸው» ቢለኝ «እሳቸውን የሚጭን ሌላ ሹፌር ፈልግ» አልኩት። ዳግመኛ ነገሩን አላነሳብኝም።

አንድ ቀን ዝናብ ሲያወርደው ሚስቱን ደግፎ መንገዱ መሀል ቆመ። ሴትዮዋ በትኩሳት ትንቀጠቀጣለች። ወርጄ ደግፌ አስገባኋት። እሱም ሊሳፈር እግሩን ሲያነሳ በሩን በአካሌ ዘጋሁት።

«ማሎ፣ ልጄ፣ እባክህ!»

«አንተ አትገባም» አልኩት። አንቱታውን የጣልኩት ያን ጊዜ ነው። «እኔም ሚስቴን ከማዶ ሆኜ ነው ያየኋት።»

በሩን ዘግቼ አውቶቡሱን እስከ ነቀምቴ ሆስፒታል ነዳሁት።

በማግስቱ እስከ ጭኑ በጭቃ ተለውሶ በእግሩ ነቀምቴ ገባ። ሆስፒታሉ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም፤ ደስ አለኝ። ሚስቱ ድና ስትወጣ ከፊት ወንበር አስቀምጬ ቤቷ መለስኳት። እሱ ከኋላችን በእግሩ መጣ።